የሰውና የዝንጀሮ ናሙና አያያዝ፦ "ጠይቁኝ" ባልኩት መሠረት

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ነው። ከታካሚ ተቆርጦ የወጣ ነገር ሁሉ፣ ከትንሽ ኪንታሮት እስከ ሙሉ እግር፣ በእጃችን ያልፋል። ስለ ሰውና ስለ ዱር እንስሳ ናሙና የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። የታካሚ ስም የተጻፈባቸውን መልእክቶች ግን አጥፍቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

ከሸዋ ሮቢት፣ ነርስ፦ ጋሼ፣ ሐኪማችን ከአንዲት እናት ጡት ላይ እባጭ አወጣ። ፎርማሊን አልነበረንም። በኖርማል ሳላይን (በጨው ውሃ) አድርገን ላክነው። በማግስቱ "ተበላሽቷል፣ አይነበብም" ተባልን። ሳላይን ጎጂ ነው እንዴ?

ጎጂ አይደለም እህቴ፤ ግን ምንም አያቆይም። ከሰውነት የተለየ ሥጋ ደሙ ከተቋረጠበት ደቂቃ ጀምሮ በራሱ ኢንዛይም ራሱን መብላት ይጀምራል። በሸዋ ሮቢት ሙቀት አንድ ሌሊት ማደር ደግሞ ከባድ ነው። ይህን የሚያስቆመው ፎርማሊን ነው።

ፎርማሊን ስል ከፋብሪካ እንደመጣ ያለውን ማለቴ አይደለም። እሱ ከ37 እስከ 40% ፎርማልዲሃይድ ነው። ከሱ አንድ እጅ፣ ከውሃ ዘጠኝ እጅ ሲሆን "10% ፎርማሊን" እንለዋለን። አሲድነቱ እንዲስተካከል በአንድ ሊትር ውስጥ 4 ግራም ሞኖሶዲየም ፎስፌት ሞኖሃይድሬትና 6.5 ግራም ውሃ አልባ ዳይሶዲየም ፎስፌት ይጨመራል። መጠኑ ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። እኛ ጋ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው። ጠባብ ጠርሙስ ውስጥ የተጠቀጠቀ ትልቅ ሥጋ፣ ከታች ትንሽ ፎርማሊን! ፎርማሊን ወደ ውስጥ የሚገባው በሰዓት 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ትልቅ እባጭ ሳይሰነጠቅ ከገባ ውጪው ይደርቃል፣ ውስጡ ይበሰብሳል። መሰንጠቁን ግን ሐኪሙ ያድርገው፤ ጠርዙ የት እንደነበር ለኛ ያስፈልገናል።

የጡት ናሙና ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ካንሰሩ ለሆርሞን መድኃኒት ይመልስ እንደሆነ ለሚያሳየው የሆርሞን ሪሴፕተር ምርመራ ፎርማሊን ውስጥ የሚቆየው ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። ከዚያ ካነሰ ወይም ከበለጠ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል፤ ሴትየዋ የምትወስደው መድኃኒት ደግሞ በዚያ ውጤት ላይ ነው የሚወሰነው። ስለዚህ የገባበትን ሰዓት ጻፉ።

ስሙን በክዳኑ ላይ ሳይሆን በዕቃው አካል ላይ ጻፉ። ክዳን ይቀያየራል። በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ፈሳሽ ሲነካው ይሄዳል። የሪኩዌስት (የምርመራ መጠየቂያ) ወረቀቱ ለብቻው በላስቲክ ይሁን።

ፎርማሊን ጨርሶ ከሌለ በሳላይን የረጠበ ጎዝ ላይ አድርጋችሁ፣ በፍሪጅ ቅዝቃዜ፣ በዚያው ቀን አድርሱት። ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ። ፍሪዘር ውስጥ ግን በፍጹም።

ከጫጫ፦ ታዲያ ፎርማሊን ሲጠፋ በአረቄ ማቆየት አይቻልም? የኛ አረቄ እኮ እሳት ነው!

ይህን የጠየቅከኝ አንተ ብቻ አይደለህም፣ አትፈር። አልኮል ሥጋ ያቆያል፣ ግን 70% እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ዳግም አረቄ እንኳ እዚያ አይደርስም፤ ከቤት ቤትም ይለያያል። አረቄውን ለብርዱ ተወው።

ከአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ፣ ተማሪ፦ ፎርማሊን ውስጥ የቆየ ነገር ሞቷል አይደል? ያለ ጓንት ብነካውስ?

ሞቷል የሚባለው በደንብ ከበሰለ ነው። ፎርማሊኑ መሃሉ ድረስ ያልገባ ሳንባ ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያ በሕይወት ሊገኝ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ፕሪዮን ነው፤ እንደ ክሮይትስፌልት ያኮብ ያለውን የአንጎል በሽታ የሚያመጣው ፕሮቲን ፎርማሊን አይገድለውም። እንዲያውም ያጠነክረዋል ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ያለበት የአንጎል ናሙና በፎርሚክ አሲድ ተለይቶ ይታከማል። ስለዚህ ማንም ሐኪም "ምናልባት" ብሎ ከጠረጠረ ሪኩዌስቱ ላይ በጉልህ ይጻፍልን።

ሁለተኛው ምክንያት ፎርማሊኑ ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ፎርማልዲሃይድን ካንሰር ያመጣል ተብለው ከተረጋገጡት ጋር መድቦታል። ዓይን የሚያስለቅሰው ሽታ ማስጠንቀቂያ ነው። ችግሩ አፍንጫ መላመዱ ነው። አንድ ሰው "እኔ ለምጄዋለሁ" ሲለኝ እሰጋለሁ።

እዚህ ላይ የኛን አገር ልማድ ልንገርህ። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ሰዉ መስኮት ዘግቶ ይሠራል። ከዚያ ላይ ሂተር ይጨምራል። ፎርማሊን ሲሞቅ ይበልጥ ይተናል። ካፖርት ደርባችሁ መስኮት ክፈቱ። ፊዩም ሁድ (ጋዙን ስቦ የሚያወጣ የሥራ ሳጥን) ካላችሁ እሱ ሥር ሥሩ። ባዮሴፍቲ ካቢኔት ግን ለፎርማሊን አይሆንም፤ ማጣሪያው ጀርምን እንጂ ጋዝን አይዝም፣ አብዛኛው ካቢኔት ደግሞ አየሩን መልሶ ወደ ክፍሉ ነው የሚለቀው።

ከደብረ ብርሃን፦ ስቶር ውስጥ ያለው ያልተቀጠነ ፎርማሊን ታች ነጭ ነገር ዘቀጠበት። ታኅሣሥ ላይ ነው ያየነው።

ብርዱ ነው። ፎርማልዲሃይድ ሲቀዘቅዝ እርስ በርሱ ይያያዝና ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ከላይ ያለው ፈሳሽ ጉልበቱ ቀንሷል ማለት ነው፤ ለናሙና አትጠቀሙበት። በእሳት አሙቁት የሚል ምክር ከሰማችሁም አትስሙ። አዲሱን ፎርማሊን የውጪውን ግድግዳ በማይነካበት፣ ከወለል ከፍ ባለ፣ አየር በሚገባበት ቦታ አኑሩት።

ከመሀል ሜዳ፦ አውቶክሌቫችንን (ጀርም በእንፋሎት የምንገድልበትን ማሽን) በ15 ፒኤስአይ ግፊት ለ15 ደቂቃ እናስኬደዋለን። መመሪያው የሚለው እንደዚያ ነው። ዕቃው ላይ የምንለጥፈው መሞከሪያ ቴፕም ቀለም ይቀይራል። የስፖር (ሙቀት የሚቋቋም የባክቴሪያ ዘር) መሞከሪያ ስናስገባ ግን ስፖሩ ይበቅላል። ጥፋቱ የማሽኑ ነው የኛ?

የማናችሁም ላይሆን ይችላል፤ የከፍታው ነው። ይህ ጥያቄ ቢመጣ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የሚሠራ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ ከውጭ የሚመጣው መመሪያ ግን ባሕር ጠረፍ ላይ ላለ ሰው የተጻፈ ነው።

መንዝ ላይ ባቄላ ቶሎ እንደማይበስል እናቶቻችን ያውቃሉ። ውሃው ይፈላል፣ ግን ሳይግል ነው የሚፈላው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እናንተ ጋ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። አውቶክሌቭም ያው ነው።

የግፊት መለኪያው ጌጅ የሚያሳየው ከውጪው አየር በላይ የተጨመረውን ግፊት ብቻ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ የውጪው አየር 1 ባር ገደማ ግፊት አለው። 15 ፒኤስአይ ሲጨመርበት እንፋሎቱ 121 ዲግሪ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ላይ የውጪው ግፊት 0.72 ባር አካባቢ ብቻ ነው። ጌጁ ያንኑ 15 ቢያሳይም ውስጡ ያለው ሙቀት 116 ገደማ ነው። ያቺ 5 ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ለስፖር ግን ሞትና ሕይወት ናት። 121 ለመድረስ እኛ ጋ ጌጁ 19 ወይም 20 አካባቢ መሆን አለበት፤ መሀል ሜዳ ላይ ደግሞ ትንሽ ከፍ ይላል።

አሁኑኑ ሄዳችሁ ቫልቩን አታጥብቁ! ማሽኑ የተሠራበት የግፊት ጣሪያ አለው። መጀመሪያ የባዮሜዲካል ባለሙያው ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን የመግለጫ ሳህን ይይ፣ ጣሪያው ስንት እንደሆነ ያረጋግጥ። ካልቻለ በዝቅተኛው ሙቀት ረዘም ያለ ሰዓት ይሰጠዋል፤ ርዝመቱን የሚወስነው የስፖር መሞከሪያው ነው እንጂ ግምት አይደለም። ግፊትን ሳይሆን ሙቀትን እየለካ የሚሠራ ማሽን ከሆነ ይህ ችግር የለበትም። ቴፑን ግን ለብቻው አትመኑት፤ የሚነግራችሁ ዕቃው እሳት እንዳየ ብቻ ነው። አየሩ በደንብ ሳይወጣ ከተዘጋም ያው ውጤት ይመጣል። ቆሻሻ የሞላ ላስቲክ አፉ ጥብቅ ብሎ ታስሮ ከገባ እንፋሎቱ መሃሉ አይደርስም፤ ላላ አድርጋችሁ አስገቡ።

ከመንዝ፣ የባዮሎጂ መምህር፦ ጓሳ ጥብቅ ቦታ ዳር የሞተ ጭላዳ አገኘን። ተማሪዎቼ ራስ ቅሉን አድርቀን ለትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ እናድርገው አሉ። ይቻላል?

አትንኩት፣ መምህር። ሦስት ምክንያት አለኝ፤ አንዱ ብቻ ነው የወረቀት።

ጭላዳ ሣር በል ነው። ሣር በል እንስሳ ድንገት ሞቶ ስታየው መጀመሪያ ወደ አእምሮህ መምጣት ያለበት አባ ሰንጋ ነው። በተለይ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ያልረጋ ደም ካለ። ሬሳው ሳይከፈት ከቆየ ባክቴሪያው ከመበስበሱ ጋር አብዛኛው ይሞታል። ቢላ ሲነካውና አየር ሲያገኝ ግን ወደ ስፖርነት ይለወጣል፣ አፈር ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይኖራል። አንድ ራስ ቅል ለማግኘት ብላችሁ የመንደሩን ግጦሽ ልትበክሉ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው የጓሳ ጭላዳዎች የራሳቸው ታሪክ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ከቆዳ ሥር ትልልቅ እባጭ ይታያል፤ አይታችሁት ይሆናል። ተመራማሪዎች መርምረው ያገኙት ቴኒያ ሴሪያሊስ የሚባል፣ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው። አዋቂው ትል የሚኖረው በውሻና በቀበሮ ወገን እንስሳት አንጀት ውስጥ ነው። ሰው ሊያዝ የሚችለው እባጩን በመንካት ሳይሆን ከውሻ ሰገራ ጋር የሚወጣውን እንቁላል በመዋጥ ነው። የመንደር ውሻ ያንን ሬሳ ከበላ ግን ዑደቱ ወደ ቤታችሁ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ሬሳውን ሳትነኩ ውሻ ከልክሉ፣ ለጓሳ ጥበቃ ሰዎችና ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።

ወረቀቱ፦ ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የትም የለም። የሞተም ቢሆን ክፍሉን መውሰድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል። ጓሳን ደግሞ ሕዝቡ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ መሬት ጥበቃ ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቅ የኖረው መሬት ነው፤ ሕዝቡን ሳይጠይቁ መግባት ነውር ነው። ተማሪዎችህን ሕያዎቹን አሳያቸው። ከሩቅ ፎቶ ያንሱ። ከራስ ቅል የበለጠ ይማሩበታል።

ከደብረ ሲና፣ የማስተርስ ተማሪ፦ የጭላዳ ሰገራና ፀጉር ሰብስቤ ዲኤንኤውን ውጭ አገር ላስመረምር ነው። አማካሪዬ "ሰገራ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል" ይለኛል።

አማካሪህ ግማሽ ልክ ነው። ዝርያቸው ለአደጋ የተጋለጠ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ሳይቲስ የሚባለው ስምምነት አለ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። የዝንጀሮና የጦጣ ወገን በሙሉ በዝርዝሩ ውስጥ ነው፤ ጭላዳ በሁለተኛው ሰንጠረዥ አለ። እንስሳው ሳይነካ የተገኘ ሽንትና ሰገራ በስምምነቱ አይያዝም። ፀጉሩ ግን ይያዛል። ደም፣ ቆዳ፣ ጥርስ፣ የሥጋ ቁራጭም እንዲሁ፤ ትንሽ ናት ብሎ ማለፍ የለም።

ከሳይቲስ ነፃ ሆነ ማለት ደግሞ ከሕግ ነፃ ሆነ ማለት አይደለም። የጄኔቲክ ሀብት አርክቦት (ሀብቱን የማግኘት ፈቃድ) አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ታነጋግራለህ። የናሙና ዝውውር ስምምነት ከተቀባዩ ጋር ትፈርማለህ። ተቀባዩ አገርም የራሱን የማስገቢያ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ናሙና ከመሰብሰብህ በፊት ጀምር። ናሙናው ፍሪዘር ውስጥ ተቀምጦ ፈቃድ የሚለምን ተማሪ ብዙ አይቻለሁ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሰጥ ፈቃድ አትጠብቅ።

ስትሰበስብ ማስክ አድርግ። ለራስህ ብቻ ሳይሆን ለነሱም ነው። ጉንፋንና ቲቢ ከኛም ወደነሱ ይሄዳል።

ስም ያልጻፈ፦ የሰው ናሙና እያለ የዝንጀሮ ናሙና ለምን እንደዚያ ይፈራል?

ስለሚቀርበን ነው። በበግ ላይ የሚኖር ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ እኛ ለመሻገር ይቸገራል። የዝንጀሮና የጦጣው ግን በሩ ግማሽ ክፍት ነው። ደግሞ ለእንስሳው ምንም ያልሆነ ነገር ለኛ ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ ጤነኛ መስሎ መታየቱ ዋስትና አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1967 ማርቡርግና ፍራንክፈርት በጀርመን፣ ቤልግሬድ በያኔዋ ዩጎዝላቪያ፣ ከኡጋንዳ የመጡ ጦጣዎችን ኩላሊት ለክትባት ሥራ ሲቆርጡ የነበሩ ሠራተኞች ታመሙ። ያስታመሟቸውም ታመሙ። 31 ሰዎች ተያዙ፣ 7 ሞቱ። ዛሬ ማርበርግ የምንለው ቫይረስ የታወቀው እንደዚያ ነው፤ ጫካ ውስጥ ሳይሆን ንጹሕ ላቦራቶሪ ውስጥ። በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የሰማችሁት ስምም ከዚያ የመጣ ነው።

የእስያ ማካክ ዝንጀሮዎች ደግሞ ሄርፒስ ቢ የሚባል አላቸው። በነሱ ላይ የአፍ ቁስል ቢያወጣ ነው። ሰው ሲይዝ ግን አንጎል ይገባል፤ ካልታከመ ከ10 ሰው 7 ወይም 8 ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ በአንድ የምርምር ማዕከል የምትሠራ የ22 ዓመት ወጣት ዓይኗ ውስጥ ከማካክ የተረጨ ነገር ገባ። ሥራው ቀላል ስለተባለ መነጽር አላደረገችም ነበር። በሳምንታት ውስጥ ሞተች። እኔ መነጽር ላይ ክርር የምለው ለዚህ ነው።

የኛዎቹ፣ ጭላዳም ጦጣም ጉሬዛም፣ በተፈጥሮ የሄርፒስ ቢ ተሸካሚዎች አይደሉም። ግን ባዶ ናቸው ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ጦጣ የኤችአይቪ ዘመድ የሆነውን ኤስአይቪ ትሸከማለች፤ እሷ አትታመምበትም። ስለዚህ ከየትኛው ዝርያ እንደመጣ የማይታወቅ ብልቃጥ ከተሰጣችሁ አትክፈቱት። "የዝንጀሮ ሥጋ" የሚል ጽሑፍ ለኔ መለያ አይደለም። የትኛው ዝንጀሮ? ከየት? መቼ? ማን ፈቀደ?

አንድ ጠያቂ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚራባው ቬሮ ሴልም ከዚህ ወገን ነው ወይ ብሎ አንስቷል። አዎ፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ1962 ጃፓን ውስጥ ከጦጣ ኩላሊት የተገኘ ነው። የቆየና በደንብ የተጠና የሴል ዘር ስለሆነ ከትኩስ ኩላሊት ጋር አንድ አይደለም። ይሁንና በሁለተኛው የባዮሴፍቲ (የላቦራቶሪ ጥንቃቄ) ደረጃ መሥራት ይሻላል።

ከእነዋሪ፣ አንድ አባት፦ የልጄን እግር በስኳር በሽታ ምክንያት ቆረጡት። ለመቅበር ስንጠይቅ "ለምርመራ ይፈለጋል" አሉን። እግሩ የት ነው የሚሄደው? የልጄ ሥጋ እኮ ነው።

አባባ፣ እግዚአብሔር ልጅዎን ይማርልዎ። ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ መልስ ሊሰጥዎ ይገባ ነበር።

ለምርመራ የሚያስፈልገው ሙሉ እግሩ አይደለም። ከቁስሉ፣ ከተቆረጠበት ጠርዝና ከደም ሥሩ ትንንሽ ቁራጭ ይወሰዳል። የቀረው ሐኪሙ ውጤቱን እስኪጽፍና ጥርጣሬ እስኪጠራ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ቤተሰብ ካልጠየቀ ከሰውነት ክፍሎች ጋር ተለይቶ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ከሌላ ቆሻሻ ጋር መቀላቀል የለበትም።

ቤተሰብ ለቀብር ከፈለገ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይናገር፤ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ሲሰጥ ተፈርሞ፣ በማይፈስ ዕቃ ታሽጎ ይሰጣል። ፎርማሊን የነካው ስለሆነ አይከፈትም፣ አይታጠብም። እንዲሁ ይቀበራል። አሁንም አልረፈደ ይሆናል፤ የልጅዎን ካርድ ይዘው ፓቶሎጂ ክፍሉን ይጠይቁ።

ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ቃል። የእንግዴ ልጅ የሚጠይቁ እናቶችም አሉ። "ሕጉ አይፈቅድም" ብሎ ማባረር ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ ሕጉን ያነበበ ግን የለም። በእጥፍ ላስቲክ አሽጎ፣ ስለ ጓንትና ስለ ጥልቅ ጉድጓድ አስረድቶ መስጠት ምን ይከብዳል?

ከአለም ከተማ፦ ከምርመራ የተረፈ ብሎክ (በሰም ውስጥ የተቀመጠ ናሙና) ለመመረቂያ ጽሑፌ ልጠቀም? ታካሚዎቹን አሁን አላገኛቸውም።

ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ጋር ይቻላል። ታካሚዎቹን ማግኘት ካልተቻለና ማንነታቸው ከተሰወረ ኮሚቴው ፈቃደኝነታቸውን ሳትጠይቂ እንድትሠሪ ሊፈቅድልሽ ይችላል። መወሰን ያለበት ግን እሱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም፣ አማካሪሽም አይደለም። ብሎኩን ሙልጭ አድርገሽ እንዳትቆርጪው። የታካሚዋ ማስረጃ ነው። በሽታው ነገ ቢመለስ ወደሱ ነው የምንሄደው። የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ ብሎክና ስላይድ ለ10 ዓመት እንዲቆይ የሚያዝዘው ለዚህ ነው።

ስለ ስም ያልኩትም እዚህ ጋ ይመጣል። በቴሌግራም ግሩፕ "ይቺን ኬዝ እዩልኝ" ብላችሁ የምትለጥፉት ፎቶ ላይ የብልቃጡ ስምና የካርድ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን በልዩ ጥበቃ ሥር አድርጎታል። አዋጁ ባይኖርስ? ደብረ ብርሃን ትንሽ ከተማ ናት፤ የሴትየዋ ጎረቤት ግሩፑ ውስጥ አለ።

ከአረርቲ፦ ናሙና ለአባዱላ ሹፌር ሰጥተን አዲስ አበባ እንልካለን። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ክልክል ነው?

ሹፌሩ ምን እንደያዘ ሳያውቅ፣ በፌስታል፣ ከጫት ጎን ከሆነ አዎ፣ ክልክል ነው። ሦስት ድርብ ማሸጊያ ይኑር፦ የማይፈስ ብልቃጥ፤ ፈሳሹን ሁሉ የሚመጥ ነገር ያለበት ሁለተኛ የማያስፈስ ዕቃ፤ ከውጪ ጠንካራ ሳጥን። በፎርማሊን ያልታከመ የታካሚ ናሙና "ዩኤን 3373" የሚል የአልማዝ ቅርጽ ምልክት ይለጠፍበታል። የማርበርግ ዓይነት ጥርጣሬ ካለበት ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ያንን ራሳችሁ አትንኩት፣ ለጤና ቢሮው የድንገተኛ ክፍል ደውሉ። ፖስታ አገልግሎት የቲቢ ናሙና ማመላለስ ከጀመረ ቆይቷል፤ ለናንተም ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ።

ደረቅ በረዶ ከተጠቀማችሁ ሳጥኑን አታሽጉት። ወደ ጋዝ ተለውጦ ይፈነዳል። በተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ አየሩን ይበላል። በጣርማ በር ብርድ መስኮት የሚከፍት ተሳፋሪ አታገኙም።

ከደብረ ብርሃን፣ ላብ ቴክኒሻን፦ ክራዮስታት (ናሙና አቀዝቅዞ በስሱ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ ስሠራ ምላጩ ቆረጠኝ። በረኪና አፈሰስኩበት። ልክ ነኝ?

አይደለህም። በረኪና ቁስሉን ያቃጥለዋል፣ በር ይከፍታል። በውሃና በሳሙና ታጠብ፣ አትጭመቀው። ዓይን ከሆነ በንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ። ከዚያ ወዲያው ሪፖርት አድርግ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት፤ ቶሎ ሲሆን ይሻላል፣ 28 ቀን ይወሰዳል። በመርፌ መወጋት ኤችአይቪ የመተላለፍ ዕድሉ 0.3% አካባቢ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው ከ6 እስከ 30% ይደርሳል። ሰዉ ኤችአይቪን እየፈራ ሄፓታይተስን ይረሳል። ከዝንጀሮ ናሙና ጋር ከሆነ ዝርያውን ለሐኪሙ ንገረው።

ሌላው፣ በረዶ ጀርም አይገድልም። ክራዮስታት ውስጥ ያለው ፍርፋሪ ቀዝቅዞ የተቀመጠ እንጂ የሞተ አይደለም። ማቀዝቀዣ ስፕሬይ አትርጭበት፣ ፍርፋሪውን ወደ ፊትህ ያበንነዋል።

በአጭሩ የተጠየቁ፦

ፎርማሊን ሽንት ቤት ይደፋል? አይደፋም። ለብቻው በጀሪካን ይሰብሰብ፣ ይጻፍበት። ኢንሲኔሬተር (የቆሻሻ ማቃጠያ) ውስጥም ከነጠርሙሱ አይጣልም። ከበረኪና ጋር አይቀላቀልም።

በረኪናን እንዴት ላቅጥነው? 5% ከሆነ አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ፤ 0.5% ይሆናል። ደሙ መጀመሪያ ይጠረግ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ይቆይ። በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ።

መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን ከፍተን እንይ? አትክፈቱት! በሩ ላይ የጠፋበትን ሰዓት ጻፉ፣ ጄኔሬተሩን ፈልጉ።

ሴፍቲ ቦክስ (የመርፌና የስለት መጣያ ሳጥን) መቼ ይለወጥ? ሦስት አራተኛው ሲሞላ። ሲሞላ አይደለም።

ከአንኮበር፦ በጀት የለንም። አንድ ነገር ብቻ ግዛ ብትባል ምን ትገዛለህ? ካቢኔት?

ካቢኔት አልገዛም። በየዓመቱ የማይፈተሽ ካቢኔት ውድ ቁም ሳጥን ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ሠራተኛ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አስከትባለሁ፤ ሦስት መርፌ ነው፣ ዛሬ፣ በወሩና በስድስተኛው ወር። ጽዳት ሠራተኞቹንም ጨምሬ፤ ሴፍቲ ቦክስ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ገንዘብ ከተረፈ የፊት መከላከያ። ከዚያ አንድ ወፍራም መዝገብ፦ ምን ገባ፣ ከማን፣ መቼ፣ ማን ተረከበው፣ የት ሄደ።

የውሻ ንክሻና የራቢስ ጥያቄዎችን የላካችሁ፣ ለእንስሳት ሐኪም ባልደረባዬ አስተላልፌያለሁ። መልስ እስኪሰጥ ድረስ የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ።